ቤቴ እየተሰነጠቀ ነው፤ መድን ብገባ ይከፍለኛል?

«ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ቆጥበን ያሠራነውን ቪላ ከሥራ ተቋራጩ ከተረከብን አራት ዓመት አልፎናል። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ ተሰንጥቋል። የልጆቹ መኝታ ቤት በር በክረምት አልዘጋ ይላል፤ በበጋ ግን ያለ ችግር ይዘጋል። አንድ የመድን ወኪል ‹ቤትዎን መድን ያስገቡ፣ ሁሉንም ይሸፍናል› ብሎኛል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የመድን ድርጅቱ ሰው መጥቶ ሳያይ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነን ቀለም እንድንቀባው ይመክረናል። መድን ብገባ ለስንጥቁ ይከፍለኛል? ቤቱስ እንዳይባባስ ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በግንቦት አጋማሽ ነው። ከሌሎቹ አስቀድሜ እንድመልስልዎት ያስገደደኝም ወቅቱ ነው፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሳይጠና ያሉት ጥቂት ሳምንታት እንደ እርስዎ ላለው ቤት ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የከበሩ ናቸውና። መጀመሪያ በሕንፃ ሥራ፣ ኋላም ለመድን ድርጅቶች በጉዳት ገማችነት ስሠራ በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ ብዙ የተሰነጠቁ ቤቶችን አይቻለሁ። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩኝ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ በኋላ ነበር። እርስዎ የጠየቁት ገና ብዙ ማድረግ በሚቻልበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ሳላንዛዛ ልመልስ። አሁን የሚገቡት መድን ለዚህ ስንጥቅ አይከፍልዎትም። መድን የሚገባው ይደርስ ወይም አይደርስ እንደሆነ ለማይታወቅ አደጋ ነው፤ የእርስዎ ስንጥቅ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰ ጉዳት ነው። ስንጥቁ ከውሉ በኋላ ቢመጣ ኖሮ እንኳ ነገሩ ብዙም አይለወጥም ነበር፤ የቤት መድን የተዘጋጀው እንደ እሳት፣ መብረቅና ፍንዳታ ላለ ድንገተኛ አደጋ እንጂ ለዓመታት ቀስ እያለ ለሚንቀሳቀስ መሬት፣ ለግንባታ ጉድለት ወይም ለእርጅና አይደለም። የመሬት መስመጥና መንሸራተት በብዙ ፖሊሲዎች (የመድን ውል ሰነዶች) ውስጥ ከማይሸፈኑት ነገሮች ተራ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚሸጥ ቢሆን እንኳ ለብቻው ተጠይቆና ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ ተከፍሎበት ነው። ወኪሉ «ሁሉንም ይሸፍናል» ሲልዎት ምናልባት በቅን ልቡና ይሆናል፤ የሚያስገድደው ግን የወኪሉ ቃል ሳይሆን ፊርማ ያረፈበት ፖሊሲ ነው።

የባለቤትዎ ወንድም የሰጡት ምክር ቤተሰቡን ከመውደድ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እባክዎን አይቀበሉት። በንግድ ሕጋችን መሠረት መድን ገቢው የሚያውቀውንና ለመድን ሰጪው ውሳኔ ዋጋ ያለውን ነገር ሁሉ ሲዋዋል የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ሆን ብሎ ከደበቀ ወይም በሐሰት ከተናገረ ውሉ ፈራሽ ይሆናል። በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ላይ የተመሠረተ ውል ማለት፣ አምስት ዓመት አረቦን ከፍለው ሳለ አንድ ሌሊት ወጥ ቤቱ በእሳት ቢጋይ፣ ከመሠረቱ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ለዚያ እሳት እንኳ ካሳ ሊከለከሉበት የሚችሉበት ወረቀት ነው። ገማቾች ደግሞ በትኩስ ልስን ሥር ያለውን ነገር ማየት የለመዱ ሰዎች ናቸው። በግድግዳው መካከል ለብቻው የተለቀለቀ ሰያፍ መስመር ሳይ መጀመሪያ የማደርገው በጣቴ ጀርባ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ ነበር።

ስንጥቁን በበጋ በሲሚንቶ መድፈን ከማታለሉም በላይ ቤቱን ራሱን ይጎዳል። ይህን የምናገረው በራሴ ቤት ስላየሁት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቃሊቲ አቅራቢያ በሠራሁት ቤት የታየውን ስንጥቅ በየካቲት ወር፣ አፍ በከፈተበት ጊዜ፣ ጠንካራ የሲሚንቶ ሞርታር ሞልቼ ለሰንኩት። ሐምሌ መጣ፣ አፈሩ አበጠ፣ ግድግዳው ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል በመካከሉ የተጋገረው ሞርታር እንደ ሽብልቅ ሆኖ ጠበቀው። ነሐሴ ላይ ከአሮጌው ስንጥቅ አንድ ክንድ ርቆ አዲስ ስንጥቅ ተከፈተ፤ የመስኮቱም መስተዋት ከማዕዘኑ ተሰበረ። መሐንዲስ ሆኜ ሳለሁ ቸኩዬ የፈጸምኩት ስህተት ነው፤ እርስዎ እንዳይደግሙት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

አሁን ወደ ቤትዎ ሕመም ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ነገር የነገረኝ ስንጥቁ አይደለም፤ የልጆቹ በር ነው። በክረምት የሚጠብቅ፣ በበጋ የሚላላ በር ካለ፣ ቤቱ ከወቅቱ ጋር ከፍ ዝቅ በሚል አፈር ላይ መቆሙን ያመለክታል። ከአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ፣ ከቦሌ ዳርቻ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ የተነጠፈው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው፣ ለጤፍና ለሽምብራ የታደለ መሬት ነው፤ ለቤት መሠረት ግን አስቸጋሪ ነው። በውስጡ ያለው ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ዓይነት ውሃን በቅንጣቶቹ መካከል እየሳበ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል። በመጋቢት ግቢዎ ጥግ ያልተነካ ጥቁር መሬት ካለ ይመልከቱ፤ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ያገኙበታል። በነሐሴ ያው ቦታ ስንጥቁ ተዘግቶ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ሆኗል። ደረቅ ጓል ወስደው ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቢጥሉት ደግሞ ዓይንዎ እያየ እየተፈረፈረና እያበጠ ከመጀመሪያው መጠኑ የሰፋ ገንፎ መሳይ ነገር ይሆናል። ከቤትዎ ሥር በየዓመቱ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሰዎች «ትንሽ ቪላ ስለሆነ መሬቱን አይከብደውም» ሲሉ እሰማለሁ። በጥቁር አፈር ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከአንድ ቪላ ክብደት ሊበልጥ ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚሰነጠቁት አጥሮች፣ ሰርቪስ ቤቶችና ቪላዎች ናቸው። በዚያ ላይ በወለሉ የተሸፈነው መካከለኛ አፈር እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለወጥም፤ ዙሪያው ግን በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ የቤቱ ጠርዝ እየተነሳና እየወረደ መካከሉ ባለበት ይቆያል፤ ግድግዳው መተጣጠፍ ስለማይችል ደካማ በሆነበት በመስኮትና በበር ማዕዘን በኩል በሰያፍ ይከፈላል።

በዚህ አጋጣሚ አላስፈላጊ ድንጋጤ እንዳይደርስብዎት አንድ ነገር ልጨምር። በኮለን (በኮንክሪት ምሰሶ) እና በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ወይም ከቢም (ከአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ሥር አግድም የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከመሠረቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱ ነገሮች በሙቀትና በመድረቅ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ የሚመጣ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ የልስን ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ብሎኬቱን ራሱን ሰንጥቆ በውጭውም በውስጡም የሚታይ፣ በሰያፍ የሚሄድ፣ አንደኛው ጫፉ ከሌላው የሰፋና ከወቅት ወቅት የሚለዋወጥ ስንጥቅ ነው። ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ከደረሰ ወይም በኮለኑ ወይም በቢሙ ኮንክሪት ላይ ከታየ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ መሐንዲስ ይጥሩ።

አሁን የሚሠራው ሥራ ውሃ ላይ ነው። መሠረት ማጠናከር፣ ከሥር ቆፍሮ መደገፍ የመሳሰለው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚታሰብና ብዙ ገንዘብ የሚበላ ነው፤ ውሃው ሳይስተካከል ቢሠራም አይዘልቅም። በጥቁር አፈር ላይ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው ማለት ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የሚጎዳው የእርጥበቱ መለዋወጥና ከቦታ ቦታ እኩል አለመሆን ነው፤ አንደኛው የቤቱ ጎን ዓመቱን ሙሉ ረጥቦ ሌላው ከደረቀ ቤቱ ሁለት ባሕርይ ባለው መሬት ላይ እንደቆመ ይቆጠራል።

ከጣሪያው ይጀምሩ። ቤትዎ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር ነው ብንል ጣሪያው 120 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ ከዚያ ጣሪያ 3,600 ሊትር ውሃ ይወርዳል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዓመት ከ140,000 ሊትር በላይ ውሃ ማለት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይመጣል። አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተደፈነ፣ ይህ ሁሉ ውሃ የሚወድቀው ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲሜትር ርቆ፣ በትክክል መሠረቱ ባረፈበት መስመር ላይ ነው። ብዙ ቤቶች አሸንዳ አላቸው፤ መውረጃ ቱቦው ግን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ያበቃና ውሃውን ሁሉ በአንድ ማዕዘን ላይ ያፈሳል። ይህ አሸንዳ ከሌለው ቤት የባሰ ነው፤ በአራቱም ጎን ይከፋፈል የነበረውን ውሃ በአንድ ኮለን ሥር ይሰበስበዋልና። በመጀመሪያው ዝናብ ዕለት ጃንጥላ ይዘው ቤትዎን አንድ ጊዜ ይዙሩት፤ ውሃው የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱና በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከአንድ ሳምንት ጥናት የበለጠ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ የቤቱ ዙሪያ ሊሾ ነው። ከግድግዳው ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቢቻል አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ የኮንክሪት ሊሾ በየሜትሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ እያዘነበለ ይሠራ፤ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ። ግንበኞች አዘውትረው የሚስቱት ሊሾው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው። በሲሚንቶ አጣብቀው ይሠሩታል፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ሊሾው ከግድግዳው ይላቀቅና በተከፈተው ቀጭን ክፍተት ውሃው በቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። ያ መስመር መለጠጥ በሚችል ነገር፣ በሬንጅ ወይም ለውጭ በሚሆን ሲሊኮን፣ መሞላትና በየዓመቱ ግንቦት ላይ መታየት አለበት። ከሊሾው የሚወርደው ውሃ በዲች (በውሃ መውረጃ ቦይ) ተሰብስቦ ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ይሂድ፤ ወደ ጎረቤት ግቢ አይለቀቅ። የጎረቤትዎ ጣሪያ ውሃ ወደ እርስዎ የሚፈስ ከሆነም አሁኑኑ በሰላም ተነጋግረው ያስተካክሉት።

ስለ ሮቶው ልጠይቅዎት። በዳር ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሌሊት ስለሚመጣ፣ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል፤ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ፍሎት ከተበላሸ ታንከሩ ሞልቶ እስኪነጋ ይፈሳል። በጥር ወር፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ በሮቶው ሥር ብቻ ሣር ለምልሞ ካዩ ውሃው የት እንደሚሄድ አውቀዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል፤ ግድግዳው ሥር ባለ እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ዕቃ አይደለም። ራቅ ብሎ በራሱ መቆሚያ ላይ ይሁን፤ የትርፍ ውሃው ቱቦም እስከ ዲቹ ይድረስ። ልብስ የታጠበበትን ውሃ ግድግዳ ሥር መድፋት፣ በግድግዳው ሥር አበባ ተክሎ ዕለት ዕለት ማጠጣትም ያው ጉዳት አለው።

የፍሳሽ ጉድጓድዎ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አልጻፉልኝም። ጥቁር አፈር ውሃን በቀላሉ ወደ ታች ስለማያሳልፍ፣ ማስረጊያ ጉድጓድ ተብሎ የተቆፈረው ሁሉ በክረምት ሞልቶ በዙሪያው ያለውን አፈር ያረጥባል። ቅርብ ከሆነና መዛወር ካልቻለ ክረምቱ ሳይገባ ይመጠጥ፤ ስንጥቅ ካለውም በሚገባ ይታሸግ።

ዛፍን በተመለከተ፣ ባሕር ዛፍ ከአፈር ውስጥ ብዙ ውሃ ይስባል፤ በበጋ አንድን የቤት ጎን ከሌላው ይልቅ እንዲደርቅና እንዲሰምጥ ያደርጋል። ቁመቱን በሚያህል ርቀት ላይ ካልሆነ ከቤት አጠገብ መኖር የለበትም። ሆኖም ለብዙ ዓመት የኖረ ትልቅ ዛፍን በአንድ ቀን መቁረጥም አደጋ አለው፤ ሲጠጣው የነበረው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ስለሚቀር መሬቱ ተመልሶ ሊያብጥ ይችላል። ቅርንጫፉን እየቀነሱ በጊዜ ሂደት ማስወገድ ይሻላል።

አንድ ነገር ከሥራ ተቋራጩ መጠየቅ አለብዎት፤ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት፣ ተተክቷል ወይ? መልሱ «አዎን» ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አይረጋጉ። በጥቁር ሸክላ መካከል የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ በሚያሳልፍ ሰሌክት ሲሞላ ከላይ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንደ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ከገንዳው በታች የቀረውንም ጥቁር አፈር ያረጥበዋል። ለዚህ ነው ሰሌክት የተደረገበት ቤት እንኳ ያለ ጥሩ ሊሾና አሸንዳ የሚሰነጠቀው።

ሥራ ተቋራጩን ካነሳን ዘንድ፣ ደብዳቤዎ ያልጠቀሰው ነገር ግን ከመድኑ ይልቅ ሊጠቅምዎት የሚችል መብት አለዎት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3039 እንደሚደነግገው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው በደንብ መሠራትና ለጽኑነቱ ዋስ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በአሠራር ጉድለት፣ ወይም ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ብልሽት ይጠየቃል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። «መሬቱ ጥቁር አፈር ስለሆነ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» የሚለው መልስ ነጻ አያወጣውም ማለት ነው። እርስዎ ከተረከቡ አራት ዓመት ስላለፈዎት ገና ወደ ስድስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይቀርዎታል። ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ ፕላኑንና የክፍያ ደረሰኞቹን በአንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ስንጥቁ መቼ እንደታየና አሁን ምን እንደሚመስል የሚገልጽ ደብዳቤ ከፎቶ ጋር በአደራ ፖስታ ይላኩለት፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። ወደ ፍርድ ቤት መሮጥ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም፤ ብዙ ተቋራጮች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ለመነጋገር ይመጣሉ። ነገር ግን እርሱ ሳያይ ትልቅ ጥገና አያካሂዱ፣ ማስረጃዎ ይጠፋልና። «አሸንዳው የተደፈነው በባለቤቷ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ሊከራከር እንደሚችልም ይገመታል፤ ከላይ የዘረዘርኩትን የውሃ ሥራ ከነደረሰኙ መያዝ ለዚህም ይጠቅማል። ይህን የሚያነቡና ቤታቸውን በእጅ ዋጋ ብቻ፣ ያለ ጽሑፍ ውል ያሠሩ ሰዎች ግን ጉዳያቸው የተወሳሰበ ስለሆነ ጠበቃ ማማከር ይኖርባቸዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ መድኑን ይተዉት ማለቴ እንዳልሆነ ልንገርዎት። መድን ይግቡ፤ ግን ምን እየገዙ እንደሆነ አውቀው ይግቡ። መነሻው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው፤ በተጨማሪ አረቦን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የቧንቧና የታንከር መፈንዳት ሊካተቱበት ይችላሉ። በ2017 ዓ.ም. ከአፋር ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰው በሌሊት ከቤቱ እንደወጣ ያስታውሳሉ፤ በስምጥ ሸለቆ ጫፍ ለምንኖር ሰዎች የመሬት መንቀጥቀጥ ሽፋን ትርፍ ወጪ አይደለም።

በውሃ ላይ ያለው ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ጎረቤታሞች ቤት ያየሁትን ልንገርዎት። በአንደኛው ቤት በግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ በአንድ ሌሊት ፈንድቶ ወለሉን አነሳው፣ ቁም ሳጥኑን አበላሸው፤ ባለቤቱ በማግስቱ አመለከቱ፣ ተከፈላቸው። በሌላኛው ቤት ያው ዓይነት ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ለስድስት ወር ያህል ቆይቶ የግድግዳውን ሥር አሰመጠው፤ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፣ የመድን ድርጅቱ ግን ቀስ በቀስ የደረሰ ነው በማለት አልከፈለም። ግምቱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ለሁለተኛው ቤት ባለቤት ሴትዮ ከልቤ አዘንኩ፤ በፖሊሲው መሠረት ግን ሌላ ልጽፍ አልቻልኩም።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የፖሊሲውን ሙሉ ጽሑፍ ቅጂ ጠይቀው «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ከሁሉ አስቀድመው ያንብቡ። የመሬት መስመጥና ማበጥ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም፣ ጎርፍ ሲባል ምን ማለት ነው፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ እርስዎ ራስዎ የሚሸከሙት መጠን ስንት ነው የሚሉትን በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። መድን የሚገባው ለቤቱ እንጂ ለቦታው ስላልሆነ የሚያስመዘግቡት ዋጋ ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ ይሁን። ከአራት ዓመት በፊት ባወጡት ሒሳብ ካስመዘገቡ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ብዙ ተለውጧልና ይጎዳሉ፤ ለምሳሌ 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን ቤት በ3 ሚሊዮን ብር ብቻ መድን ገብተው የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ከፊሉን ራስዎ እንደሸፈኑ ተቆጥሮ የሚከፈልዎት 500,000 ብር ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁንም በማመልከቻ ቅጹ ላይ ቦታውን፣ ስፋቱንና የታየበትን ጊዜ ጠቅሰው ይጻፉት። ድርጅቱ ያንን ክፍል ከሽፋን ውጭ ሊያደርግ ወይም የመሐንዲስ ሪፖርት ሊጠይቅ ይችላል፤ የቀረው ቤትዎ ግን ማንም በማያፈርሰው ውል ይሸፈናል።

ለዚህም፣ ለተቋራጩም፣ ለመሐንዲሱም የሚያገለግል አንድ ሥራ ዛሬውኑ ይጀምሩ። በስንጥቁ ላይ ያለውን ቀለም ሁለት ቦታ ላይ ፍቀው፣ ጀሶ በውሃ ለውሰው ርዝመቱ አሥር ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ ጠፍጣፋ መስመር ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርገው ይለጥፉ፤ ሲደርቅ ቀኑን ይጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም ይንቀሳቀሳል። ከጀሶው አጠገብ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሚስማሮች ይምቱና በየወሩ መጀመሪያ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው በደብተር ይመዝግቡ፤ የስንጥቁን ሁለቱንም ጫፎች በእርሳስ አስምረው ቀን ይጻፉባቸው። ልጆችዎ ይህን መለካት ይችላሉ፤ ኃላፊነቱን ለታላቁ ይስጡት። ጥገናውን መሐንዲስ የሚወስነው ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያለፈበት እንዲህ ያለ መዝገብ ሲያይ ነው፤ መሠረቱ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጥልቀቱንና አፈሩን ማየት ካስፈለገውም ያ የሚደረገው በበጋ፣ በአንድ ቦታ ብቻና በዚያው ሰሞን በሚደፈን ጠባብ ጉድጓድ ነው።

የግንቦትን፣ የነሐሴንና የጥርን ልኬት ከፎቶው ጋር ይላኩልኝ፤ ስንጥቁን በምንና መቼ እንደሚሞሉት ያኔ እጽፍልዎታለሁ።